ክኒን ብቻውን ሲያቅተው፦ ለከባድ ደረጃ የፓርኪንሰን ሕመም የሕክምና አማራጮችን አነጻጽሮ መምረጥ

አንዲት ታካሚ የሦስት ቀን መዝገቧን ይዛ መጣች። ወረቀቱ በግማሽ ግማሽ ሰዓት የተሰመረ ሲሆን በየመስመሩ «ይዞኛል»፣ «ለቆኛል» ወይም «ያወራጨኛል» የሚል አንድ ቃል ተጽፎበታል፤ «ይዞኛል» መድኃኒቱ እየሠራልኝ ነው፣ «ለቆኛል» ኃይሉ አልቋል፣ «ያወራጨኛል» ደግሞ ሰውነቴ ያለፈቃዴ ይንቀሳቀሳል ማለት ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የዋጠችው ክኒን የያዛት 1 ሰዓት ከ40 ላይ ነበር፤ 3 ሰዓት ከ30 ሲሆን ለቀቃት። ከምሳ በኋላ የወሰደችው ጭራሹን ሳይዛት አለፈ። ከቃላቱ ይልቅ ዓይኔን የሳበው ግን የእጅ ጽሑፏ ነበር፤ «ለቆኛል» ብላ የጻፈችባቸው መስመሮች ፊደላቸው ደቅቆና ተጣቦ ለማንበብ ሲያስቸግር፣ «ያወራጨኛል» ያለችባቸው ደግሞ ከመስመር ወጥተው ተበታትነዋል። ሕክምና ለመምረጥ ከማንኛውም የአንጎል ምስል ይልቅ የሚጠቅመው እንዲህ ያለው ወረቀት ነው፤ ስለዚህ ከዚህ በታች የማነጻጽራቸውን አማራጮች ከማንበብ በፊት ቢያንስ የሦስት ቀን መዝገብ ማዘጋጀት ይገባል።

ታካሚዎችና ቤተሰቦች በዚህ ደረጃ አዘውትረው የሚሉት «መድኃኒቱ መሥራት አቆመ» ነው። ነገሩ እንዲያ አይደለም። በአንጎል ውስጥ ወደ ዶፓሚን የሚለወጠው የሕመሙ ዋና መድኃኒት፣ ሌቮዶፓ፣ ደም ውስጥ ከገባ በኋላ አንድ ሰዓት ተኩል ባልሞላ ጊዜ ውስጥ መጠኑ በግማሽ ይቀንሳል። በሕመሙ የመጀመሪያ ዓመታት የቀሩት ዶፓሚን (እንቅስቃሴን የሚያስተባብር የአንጎል ኬሚካል) የሚያመነጩ ሕዋሳት የመጣላቸውን አጠራቅመው ቀስ በቀስ ስለሚለቁት፣ በቀን ሦስት ጊዜ የሚወሰደው ክኒን ቀኑን ሙሉ የሚሠራ ይመስላል። ሕዋሳቱ ሲመናመኑ ይህ የማጠራቀም አቅም ይጠፋና ታካሚው በዚያች ደቂቃ ደሙ ውስጥ ባለው የመድኃኒት መጠን ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ይሆናል። በዚህ ላይ ሕመሙ ራሱ ጨጓራን ስለሚያዘገየው የተዋጠው ክኒን ወደ ሚመጠጥበት ቀጭን አንጀት በሰዓቱ አይደርስም። መጠኑ ሲያንስ ሰውነት ይደርቃል፣ ማለትም ይገተራል፣ ሲበዛ ያለፈቃድ መወራጨት ይመጣል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ምቹ ክልልም ከዓመት ዓመት ይጠባል። ከክኒን በላይ ያሉት ሕክምናዎች፣ በዋናነት በአንጎል ውስጥ በቀዶ ሕክምና የሚተከል የኤሌክትሪክ ማነቃቂያና መድኃኒትን ያለማቋረጥ የሚያፈሱ ፓምፖች፣ በመልክ ቢለያዩም የሁሉም ዓላማ ይህን መዋዠቅ ማለዘብ ነው።

ጊዜው መድረሱን ለመለየት የእንቅስቃሴ ሕመም ሐኪሞች «አምስት፣ ሁለት፣ አንድ» በሚል ቀላል መለኪያ ይጠቀማሉ። በቀን 5 ጊዜና ከዚያ በላይ ሌቮዶፓ የሚወስድ፣ ወይም በነቃበት ጊዜ በቀን 2 ሰዓትና ከዚያ በላይ መድኃኒቱ የሚለቀው፣ ወይም 1 ሰዓትና ከዚያ በላይ በሚያስቸግር መወራጨት የሚያሳልፍ ታካሚ ስለ ቀጣዩ የሕክምና ደረጃ ከልዩ ባለሙያ ጋር ሊነጋገር ይገባዋል። መነጋገር ማለት መወሰን አይደለም፤ ይሁንና በሥራዬ ያየሁት ትልቁ ጥፋት መቸኮል ሳይሆን መዘግየት ነው። የአንጎል ቀዶ ሕክምና ሊጠቅመው ይችል የነበረ ሰው የማሰብ ችሎታው ከተዳከመ በኋላ ሲመጣ በሩ ተዘግቶ ይጠብቀዋል።

ከሁሉ አስቀድሞ ምልክቶቹን ለሁለት መክፈል

መሣሪያ ከመሣሪያ ከማወዳደር በፊት የታካሚው ችግሮች አንድ በአንድ ተጽፈው በእያንዳንዱ ፊት «መድኃኒቱ በያዘበት ሰዓት ይህ ይሻላል ወይስ አይሻልም?» የሚለው ጥያቄ መመለስ አለበት። የእንቅስቃሴ መዘግየት፣ የሰውነት መድረቅ፣ የጠዋት የእግር መኮማተር፣ መድኃኒቱ ሲለቅ የሚመጣ ጭንቀትና እግር መሬት ላይ ተጣብቆ መቅረት አብዛኛውን ጊዜ በሌቮዶፓ ይሻላሉ፤ ስለዚህ ከዚህ በታች ባሉት ሕክምናዎችም ይሻላሉ። በአንጻሩ መድኃኒቱ ጥሩ አድርጎ ይዞትም እያለ የሚወድቅ፣ ድምፁ የሚጠፋ፣ ምግብ ትን የሚለው ወይም የሚረሳ ታካሚ በእነዚህ ችግሮች ረገድ ከፓምፕም ከቀዶ ሕክምናም ብዙ አያገኝም። ከዚህ ሕግ የሚወጣው መንቀጥቀጥ ነው፤ ለሌቮዶፓ ያልተበገረ መንቀጥቀጥ በአንጎል ማነቃቂያ ሊሻሻል ይችላል። ይህ ክፍፍል አስቀድሞ ለቤተሰቡ በግልጽ ካልተነገረ፣ ሕክምናው በተገቢው መንገድ ሠርቶም ሳለ «ምንም አልጠቀመውም» የሚል ሐዘን ይከተላል።

በክኒን መቆየት፣ ግን በትክክል

ክኒንን ማስተካከል እንደ አንድ ራሱን የቻለ አማራጭ መታየት አለበት። ብዙ ጊዜ ችግሩ ያለው በመድኃኒቱ ዓይነት ላይ ሳይሆን በአወሳሰዱ ላይ ነው። ሌቮዶፓ ከአንጀት ወደ ደም፣ ከደምም ወደ አንጎል የሚሻገረው ከፕሮቲን በሚገኙት አሚኖ አሲዶች መሻገሪያ በመሆኑ፣ ከምግብ ከ30 ደቂቃ በፊት ወይም ከ1 ሰዓት በኋላ ቢወሰድ ይመረጣል፤ ከምሳ በኋላ ያለው ክኒን የማይዘው ታካሚም አብዛኛውን ፕሮቲን ወደ ማታ ቢያዛውር ለውጡን በቀናት ውስጥ ሊያየው ይችላል። የሆድ ድርቀትን ማከምም እንዲሁ የመድኃኒቱን መመጠጥ ይረዳል። መጠኑን አሳንሶ ቶሎ ቶሎ መውሰድ ለጊዜው ይሠራል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ መጠን ከሚገባው በታች ሲወርድ አንዱም ሳይዝ ቀኑ ያልፋል።

ሌቮዶፓን የሚያግዙ መድኃኒቶችም አሉ። ኤንታካፖን ከእያንዳንዱ የሌቮዶፓ መጠን ጋር፣ ኦፒካፖን ደግሞ በቀን አንድ ጊዜ በመኝታ ሰዓት ይወሰዳሉ፤ ራሳጂሊንና ሳፊናማይድ ዶፓሚን ቶሎ እንዳይፈርስ ያደርጋሉ። ኤንታካፖን ሽንትን ቀይ ቡናማ ስለሚያደርግ አስቀድሞ ያልተነገረው ቤተሰብ ደም መስሎት ይደነግጣል። ለመወራጨት አማንታዲን ይረዳል፤ በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይ ግን ግራ መጋባትን ያስከትላል። የዶፓሚንን ሥራ አስመስለው የሚሠሩት ፕራሚፔክሶልና ሮፒኒሮል ልዩ ጥንቃቄ ይሻሉ፤ በአንዳንድ ታካሚዎች ላይ ቁማርን፣ ገንዘብ ማባከንን ወይም ከልክ ያለፈ የወሲብ ፍላጎትን ስለሚቀሰቅሱ፣ ታካሚው አፍሮ ሊደብቀው የሚችለውን ይህን ለውጥ የትዳር ጓደኛውን ለብቻ መጠየቅ ተገቢ ነው። ማስተካከያው በጥቂት ወራት ውስጥ መዝገቡን ካልቀየረው ከዚህ በላይ በክኒን ላይ ክኒን መደረብ አልመክርም።

ጥልቅ የአንጎል ማነቃቂያ

ይህ ሕክምና በዘመናዊ መልኩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1987 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በፈረንሳይ ግሬኖብል ከተማ በአሊም ሉዊ ቤናቢድና በባልደረቦቹ ሲሆን፣ በ2002 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ለፓርኪንሰን ሕመም ፈቅዶታል። ቀጫጭን ኤሌክትሮዶች በአንጎል ውስጥ ወደ ተመረጠ ቦታ ይገቡና በቆዳ ሥር በሚያልፍ ሽቦ በደረት ላይኛው ክፍል ከተቀበረ ባትሪ ጋር ይያያዛሉ። የሚመረጡት ቦታዎች በዋናነት ሁለት ናቸው፤ ሰብታላሚክ ኒውክለስ የሚባለው መድኃኒቱን በጉልህ ለመቀነስ ያስችላል፣ ግሎበስ ፓሊደስ ደግሞ መወራጨትን በቀጥታ ያረጋጋል። እንቅስቃሴን በማሻሻል ረገድ ሁለቱ ተቀራራቢ ናቸው፤ የማሰብ ችሎታው ወይም ስሜቱ ትንሽ የሚያጠራጥር ታካሚ ሲሆን እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ።

ለዚህ የሚመረጠው ሰው ከአንድ ሌሊት የመድኃኒት ዕረፍት በኋላ በሚደረግ ፈተና በሌቮዶፓ ቢያንስ ሲሦ ያህል የሚሻሻል፣ የመርሳት ሕመም የሌለበትና ያልታከመ ከባድ ድባቴ የሌለበት ነው። ብዙ ማዕከሎች 70 ዓመትን እንደ ድንበር ቢይዙትም፣ ብርቱ የ72 ዓመት ሰው ከደካማ የ62 ዓመት ሰው የተሻለ ዕጩ ሊሆን ይችላል። በ2013 የታተመው ኧርሊስቲም የተባለው ጥናት አማካይ ዕድሜያቸው 52 ዓመት በሆኑና መዋዠቁ ከጀመራቸው ሦስት ዓመት ባልሞላቸው ታካሚዎች ላይ ቀዶ ሕክምናው ከመድኃኒት ብቻ ይልቅ የኑሮ ጥራትን እንደሚያሻሽል አሳይቷል፤ ይህም «መጨረሻ ላይ እንሞክረዋለን» የሚለውን ልማድ ይቃወማል።

ጥቅሙ ትልቅ ነው፤ ታካሚው በወገቡ የሚሸከመው ነገር የለም፣ ሌሊትም ቀንም ይሠራል። ጉዳቱም በሐቀኝነት መነገር አለበት። በቀዶ ሕክምናው ወቅት የአንጎል ደም መፍሰስ ከመቶ ሰው በአንድ ወይም በሁለቱ ላይ ሊደርስ ይችላል፤ የተቀበረው ዕቃ ሊያመረቅዝ ይችላል። ንግግር ሊባባስ፣ ክብደት ሊጨምር፣ መድኃኒቱ ቶሎ ከተቀነሰም ፍላጎት ማጣትና ድባቴ ሊከተል ስለሚችል በመጀመሪያዎቹ ወራት ስሜቱን በቅርብ መከታተል ግዴታ ነው። ማስተካከያው ወራትና ብዙ ምልልስ ይጠይቃል። የማይሞላው ባትሪ ከ3 እስከ 5 ዓመት፣ የሚሞላው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለግላል፤ ለረጅም ጊዜ ማነቃቂያ የለመደ ሰው ባትሪው በድንገት ቢያልቅበት ሁኔታው አስቸኳይ ሕክምና የሚሻ ነው። ዳያተርሚ የሚባለው ሰውነትን የሚያሞቅ የፊዚዮቴራፒ መሣሪያም ለእነዚህ ታካሚዎች ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

በአልትራሳውንድ ጨረር የአንጎልን ትንሽ ቦታ አግሎ ማጥፋትም ከአማራጮቹ አንዱ ነው። ራስ ቅል አይከፈትም፣ የሚቀበር ዕቃም የለም፤ ሆኖም የተሠራው ሥራ አይመለስም፣ አብዛኛውን ጊዜም በአንድ ወገን ብቻ ይደረጋል። በአንድ ወገን መንቀጥቀጥ ለሚያይልበትና ቀዶ ሕክምና ለማይችል ሰው ይስማማል።

በሆድ ቱቦ የሚገባ ሌቮዶፓ

እዚህ ላይ ሰነፉ ጨጓራ ይታለፋል። በሆድ ግድግዳ ላይ በተከፈተች ትንሽ ቀዳዳ የገባ ቱቦ እስከ ቀጭን አንጀት ይዘልቅና ፓምፕ የሌቮዶፓንና፣ ሌቮዶፓ አንጎል ሳይደርስ እንዳይፈርስ የሚያደርገውን፣ የካርቢዶፓን ዝልግልግ ውህድ አብዛኛውን ጊዜ በቀን ለ16 ሰዓት ያለማቋረጥ ያፈሳል። አንዱ ካሴት 100 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ሲሆን በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 20 ሚሊ ግራም ሌቮዶፓ አለ፤ ፓምፑ ከካሴቱ ጋር ግማሽ ኪሎ ያህል ይመዝናል። በ2014 በታተመ የ12 ሳምንት ጥናት፣ መድኃኒቱ የሚለቅበት ጊዜ በቱቦ በወሰዱት በቀን በ4.04 ሰዓት ሲቀንስ በክኒን በቆዩት በ2.14 ሰዓት ቀንሷል።

የዚህ አማራጭ ትልቁ ብልጫ መፈተን መቻሉ ነው፤ ሆድ ሳይከፈት በአፍንጫ በሚገባ ጊዜያዊ ቱቦ ለጥቂት ቀናት ተሞክሮ ታካሚው ራሱ ሊፈርድ ይችላል። ዕድሜው የገፋ ወይም መጠነኛ የማሰብ ድካም ያለበት ሰውም፣ ብርቱ አስታማሚ ካለው፣ ሊጠቀምበት ይችላል። ችግሩ በአብዛኛው የቱቦው ነው፤ ወደ ጨጓራ ይመለሳል፣ ይታጠፋል፣ ይቋጠራል፣ ይደፈናል፣ ቀዳዳውም ዙሪያውን ይቆስላል። ደህና ይሠራ የነበረው ፓምፕ በአንድ ጠዋት ሳይዝ ከቀረ መጠኑን ከመጨመር በፊት የቱቦው ጫፍ የት እንዳለ በራጅ ማየት ያስፈልጋል። ክብደት መቀነስና የእጅ እግር መደንዘዝ ሊከተሉ ስለሚችሉ የቫይታሚን ቢ12 እና ቢ6 መጠን በየጊዜው መለካት አለበት።

ከቆዳ ሥር የሚፈሱት ሁለቱ

የዶፓሚንን ሥራ አስመስሎ የሚሠራው አፖሞርፊን በስሙ ምክንያት ብዙዎችን ያስፈራል፤ ሕመም ማስታገሻ ሞርፊን ግን አይደለም፣ የሞርፊን ዓይነት ሱስም አያስይዝም። በመርፌ ሲሰጥ በ10 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ታካሚውን ከድርቀት ያወጣዋል፣ ከ1 ሰዓት ገደማ በኋላም ይለቃል፤ በድንገት ለሚደርቅ ሰው እንደ መጠባበቂያ ያገለግላል። በፓምፕ ሲሆን በቀጭን መርፌ ከሆድ ወይም ከጭን ቆዳ ሥር በነቃበት ሰዓት ሁሉ ይፈሳል። በ2018 የታተመው ቶሌዶ የተባለው ጥናት የሚለቅበትን ጊዜ በ2.47 ሰዓት እንደቀነሰ አሳይቷል፤ በባዶ ፈሳሽ የታከሙት በ0.58 ሰዓት ብቻ ቀንሶላቸዋል። ቀዶ ሕክምና የለውም፤ ካልተስማማ መርፌው ይነቀላል። የሚያስቸግረው በቆዳ ሥር የሚፈጠር ጠጣር እብጠት ነው፤ መርፌው የሚገባበትን ቦታ በየቀኑ መቀያየርና ማሸት ይረዳል። ማቅለሽለሽን፣ ሲነሱ የደም ግፊት መውረድን፣ ቅዠትን (የሌለ ነገር ማየትን) እና ከላይ የጠቀስኩትን ራስን መግታት ማቃትንም ያመጣል፤ ስለዚህ አስቀድሞ ቅዠት ለነበረው ሰው አልመርጠውም። ለማቅለሽለሹ ኦንዳንሴትሮን መስጠት የደም ግፊትን በአደገኛ ሁኔታ ስለሚጥል የተከለከለ ነው።

ሁለተኛው ፎስሌቮዶፓ ከፎስካርቢዶፓ ጋር ነው፤ ሌቮዶፓን በቆዳ ሥር ለማፍሰስ በሚያስችል መልክ የተዘጋጀ ሲሆን የአሜሪካ ተቆጣጣሪ በጥቅምት 2024 ፈቅዶታል። ለ24 ሰዓት ስለሚፈስ ሌሊት መገላበጥ ለሚያቅተውና ጠዋት ደርቆ ለሚነሣ ሰው ከሌሎቹ ፓምፖች ይልቅ ይስማማል። በ2022 የታተመው ጥናት ያለ አስቸጋሪ መወራጨት ጥሩ የሚያዝበትን ጊዜ በ2.72 ሰዓት ሲጨምር በክኒን የቀጠሉት 0.97 ሰዓት ጨምረዋል። ዋናው ጉዳቱ መርፌው የገባበት ቆዳ መቅላት፣ ማበጥና ማመርቀዝ ነው፤ ንጽሕና ካልተጠበቀ ብዙዎች ሕክምናውን የሚያቋርጡት በዚሁ ነው። ቅዠትም ያጋጥማል።

ታዲያ በምን ይለያሉ?

ከላይ ያሉትን የሰዓት ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ አሸናፊ መፈለግ ስሕተት ነው፤ የተነጻጸሩት ከተለያዩ ነገሮች ጋር፣ የተመረጡት ታካሚዎችም የተለያዩ ናቸውና። የእኔ ሚዛን ሌላ ነው፦ አእምሮው ምን ያህል ንጹሕ ነው? ሌሊቱስ እንዴት ነው? ጠዋት ጠዋትስ መሣሪያውን የሚያያይዘው የማን እጅ ነው?

ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ ያስተማሩኝ ባልና ሚስት ናቸው። ባልየው የ64 ዓመት ሰው ነበሩ፤ አእምሯቸው ንጹሕ፣ ለሌቮዶፓ ያላቸው ምላሽ ድንቅ ነበር። ራስ ቅላቸው እንዲነካ ስላልፈለጉ የሆድ ቱቦውን መረጡ፤ እኔም ተስማማሁ። በልምምዱ ዕለት ነርሷ ካሴቱን ለሚስትየው ሰጠቻቸው። የእኒያ እናት ጣቶች በመገጣጠሚያ ሕመም ተጣመው ስለነበር ክዳኑን ለማዞር ሁለት ጊዜ ሞክረው አቃታቸው፤ ባልየው ሊያግዙ እጃቸውን ሲዘረጉ ደግሞ ሰዓቱ መድኃኒቱ የለቀቀበት ነበርና እጃቸው መንገድ ላይ ቀረ። ሁለቱም ዝም አሉ። ያን ቀን አንድም ነገር ሳንወስን ተለያየን፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ስለ ቀዶ ሕክምናው እንደ አዲስ ጠየቁኝ፣ በኋላም እርሱን መረጡ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ፓምፕ ከመታዘዙ በፊት ካሴቱን የሚያያይዘው ሰው በእጁ እንዲሞክረው አደርጋለሁ።

በጥቅሉ ዕድሜው ገና የሆነ፣ አእምሮው ንጹሕ፣ ንግግሩ ደህና የሆነና ብቻውን የሚኖር ሰው ቢኖር አስቀድሜ የማነሣለት የአንጎል ማነቃቂያን ነው። መጠነኛ የመርሳት ምልክት ያለውና ብርቱ አስታማሚ ያለው ሰው ወደ ሌቮዶፓ ፓምፖች ይጠጋል። ቀዶ ሕክምናን ለሚፈራና ቅዠት ለሌለው፣ ወይም ሌላ ውሳኔ እስኪደርስ መሸጋገሪያ ለሚፈልግ፣ አፖሞርፊን ይስማማል። አንዱን መምረጥ ሌላውን ለዘለዓለም መዝጋት አይደለም፤ ማነቃቂያ ከተተከለለት ከዓመታት በኋላ ፓምፕ የተጨመረለት ታካሚ አለ።

የትኛውም ቢመረጥ ሃሎፔሪዶል፣ ሜቶክሎፕራማይድና ፕሮሜታዚን ዶፓሚንን ስለሚዘጉ ለፓርኪንሰን ታካሚ መሰጠት የለባቸውም፤ ቤተሰቡ ስማቸውን በወረቀት ይዞ ወደ ድንገተኛ ክፍል ቢሄድ መልካም ነው። ቅዠት ሲመጣ በመጀመሪያ ኢንፌክሽን ይፈለጋል፤ ቀጥሎ አማንታዲንና የመሳሰሉት ይቀነሳሉ፣ ሌቮዶፓ የሚነካው መጨረሻ ላይ ነው። ካልበቃ ኩዌታፒን ወይም፣ የነጭ ደም ሕዋስ ቁጥር እየተለካ፣ ክሎዛፒን ይሰጣል፤ የመርሳት ሕመም ካለ ሪቫስቲግሚን ይረዳል።

መሣሪያ የሌለበት መንገድ

ለአንዳንዱ ታካሚ ከሁሉ የሚሻለው ምንም መሣሪያ አለመጨመር ነው። አብዛኛውን ቀን የሚተኛ፣ የሌሉ ሰዎችን የሚያይና መድኃኒቱ ይዞትም የሚወድቅ ሰው የሚያስፈልገው አሠራሩ የቀለለ መድኃኒት፣ የሕመም ማስታገሻ፣ የመዋጥ ችግርን የሚያይ ባለሙያና ዕረፍት ያገኘ አስታማሚ ነው። ይህ ታካሚውን መተው አይደለም፤ ራሱን የቻለ፣ ብዙ ሥራ የሚጠይቅ ሕክምና ነው። ረዳት መድኃኒቶቹ ተራ በተራ ይወጡና ሌቮዶፓ ብቻውን ይቀራል። መዋጥ ሲያቅት ክኒኑን ዝም ብሎ ማቆም አይቻልም፤ ሌቮዶፓ በድንገት ሲቋረጥ ከፍተኛ ትኩሳት፣ የሰውነት መገተርና ራስን መሳት ሊመጣና ሊገድል ይችላል። ስለዚህ በውኃ የሚሟሟ ሌቮዶፓ፣ በአፍንጫ ቱቦ የሚሰጥ ወይም በቀን አንድ ጊዜ ቆዳ ላይ የሚለጠፍ ሮቲጎቲን አስቀድሞ ታስቦበት መዘጋጀት አለበት። የምግብ ቱቦ ይፈልግ እንደሆነና የመጨረሻ ቀናቱን የት ማሳለፍ እንደሚሻም ታካሚው ራሱ የሚጠየቀው ድምፁ ገና ሲሰማ፣ መድኃኒቱ በያዘው ሰዓት ነው።